ያለ እሳት የተሠራ ምሳ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ እንደ አምናው ያስቸግርዎታል ወይስ ቅባቱ ረዳዎት? ሳሉስ ለቀቀዎት? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ታናሿ እህቴ መነጽርዎን ወንበር ላይ ረስተው እንደተቀመጡበት፣ ከዚያም ራስዎ በክር አስረው እንዳደረጉት ጽፋልኝ፣ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ግድግዳውን አንኳኳችብኝ። የጠየቅኩዎትን ሁሉ አንድ በአንድ ይመልሱልኝ። «ደህና ነኝ» ብለው በአንድ ቃል እንዳይሸኙኝ፤ እኔ ልጅዎ ነኝ፣ መንገድ ላይ ያገኙኝ ሰው አይደለሁም።

እኔ ተመስገን ነው፣ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለኝ የለም። እጄ ላይ የነበረው የካውያ ቃጠሎ ድኗል። ሥራዬም እንደ ድሮው ነው፤ ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣው አንሶላ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ እኔና አንዲት ጓደኛዬ ጫፍና ጫፉን ይዘን መተኮሻው ማሽን ውስጥ እናስገባዋለን። ከእንፋሎቱ ብዛት ሰው ከሰው አይተያይም። ኃላፊያችን ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ ስለሚሉ ስማቸውን «እመቤት እንፋሎት» ብለነዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሲከፋቸው አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ ሥራ ልነግርዎት አይደለም። ስለ አንድ ሳንድዊች ነው። መሳቁን ይሳቁ፣ ግን ታናሿ እስከ መጨረሻው ታንብብልዎ።

አንሶላውን በመኪና የሚያመላልስ አንድ ሹፌር አለን። ቁመቱ የመኪናውን በር የሚያህል፣ ንግግሩ ግን አጭር የሆነ ሰው ነው፤ «እንደምን አደርሽ» ካለ ያን ቀን ብዙ አወራ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ታማ ሞተችበት። ሁለት ሴቶች ልጆች ትታለታለች፤ ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ትንሿ ገና ፊደል መቁጠር መጀመሯ ነው። እሱ በማለዳ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ልጆቹ ግን ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ይለቀቃሉ። ቤት ገብተው የሚጠብቃቸው ዳቦና የቀዘቀዘ ሻይ ነበር።

አንድ ቀን ትንሿ ራበኝ ብላ ስታለቅስ ትልቋ ሆዷ አልቻለም። እንቁላል ልትጠብስላት ምድጃውን ለኮሰች። እሳቱ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘው። ደግነቱ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ጭስ ሸቷት ሮጣ ደረሰችና ውሃ ደፋችበት፤ ከመጋረጃው በቀር የተጎዳ የለም። ወሬ ግን ክንፍ አለው፤ ሹፌሩ ገና መንገድ ላይ ሳለ የአማቱ ጆሮ ገባ። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ከከተማው ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወዲያው ደውለው «ከእንግዲህ በቃ! መጥቼ ልጆቹን እወስዳለሁ። ወንድ ልጅ ጎማ ይቀይር እንጂ ልጅ ማሳደግ አይሆንለትም» አሉት። ለጊዜው ለምኖ አቆያቸው፤ ወሩ ሲያልቅ መምጣታቸው ግን የማይቀር ሆነ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ዕቃ ማውረጃው በር ላይ፣ የአንሶላ ጥቅል ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሞ ነው። ጥቅሉን ማውረዱን እንኳ ረስቶታል። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ያለ እሳት የሚሠራ፣ ሆድ የሚይዝ ምግብ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አባባ፣ ያን ጊዜ ማን ትዝ እንዳለኝ መንገር አያስፈልገኝም። እማዬ ያረፈች ሰሞን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ልጆቹን በየቤታችን እንከፋፈላቸው» ሲባል፣ ወንድሜና እኔ ታናሿን አዝለን ከበሩ ኋላ ተለጥፈን እንሰማ ነበር። እርስዎ ብዙ አልተናገሩም። «ልጆቼ እንደ ጣውላ ተመትረው አይከፋፈሉም» አሉና ተነሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ያን ቀን የቀቀሉት ሩዝ ከታች ያረረ፣ ከላይ ጥሬ ነበር። ግን በላነው፣ ከእኛም የተወሰደ የለም። ታዲያ ይህን ሰው «አላውቅም» ብዬ ልመልሰው አንጀቴ ይችላል?

«ቅዳሜ ልጆችህን ይዘህ ቤቴ ና» አልኩት።

እዚህ ለምሳዬ የምይዘው ቱና የሚባለውን በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ ነው። አሠራሩን ያሳየችኝ አንሶላ አብራኝ የምትጎትተው ጓደኛዬ ናት። የእሷ ግን ዓሣና ማዮኔዝ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ሆዴ ይጮህ ነበር። አንድ ቀን እርስዎ ሾርባው ሲያንስ፣ መኮሮኒው ሲያንስ፣ ሁሉ ነገር ሲያንስ የሚጨምሩት ቦሎቄ ትዝ አለኝ። «ቦሎቄ እንግዳ ቢጨመር አያሳፍርም» ይሉ አልነበር? ጨመርኩት። ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ጓደኛዬም መጀመሪያ አፍንጫዋን ነፍታ ነበር፤ አሁን ቦሎቄ የሌለበትን እሷም አትነካም።

ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። ልጆቹ ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ግን የትንሿ ጫማ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ስለ ክፍሌ ጽፌልዎታለሁ፤ አልጋውን ገፋ ካላደረጉ ጠረጴዛው አይከፈትም። አባትየው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባና ጣሪያው እንዳይመታው ጎንበስ እንዳለ ቀረ። እጅጌውን እንዲጠቀልል ነገርኩትና የቆርቆሮ መክፈቻውን ሰጠሁት።

ያን ያህል መኪና የሚነዳ ሰው በአንድ ቆርቆሮ እንዲህ ይሸነፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዘይቱ ሸሚዙ ላይ ተረጨ። ከፍቶ ሲጨርስ ዓሣውን ሳያጠልለው እንዳለ ሳህኑ ውስጥ ገለበጠው፣ ቦሎቄውንም ከነውሃው አከለበት። ዝም አልኩት፤ እርስዎ እኔን ዝም እንዳሉኝ። ዳቦው ላይ አድርጎ ሲያነሣው ዳቦው ለሁለት ተገምሶ፣ ያለው ሁሉ ጭኑ ላይ ወረደ። ከዚያ ትልቋ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ከድና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። አባትየው ሱሪውን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። በኋላ እንደነገረኝ እናቷ ከሞተች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

እንደገና ጀመርን። ዓሣውን በክዳኑ ጫን አድርጎ ዘይቱን አጠለለው። ቦሎቄውን በወንፊት አጠበው። እንደ እሱ ላለ ሰው የታሸገው የተቀቀለ ቦሎቄ ይሻላል፤ እኔ ግን የምቀቅለው ራሴ ነኝ፣ በዚህ ነገር ልጅዎ ነኝ። ከቦሎቄው ግማሹን በሹካ ደፈጠጠ፣ ግማሹን እንዳለ ተወው። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ተከተፈ፤ ኃይሉ እንዲበርድ በጨው ውሃ ታጥቦ ተጨመቀ። ሎሚ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ማንኪያ ማዮኔዝ፤ ከዚያ አይበልጥም፣ ከበዛ ዳቦው ይለሰልሳል። ዳቦው ላይ መጀመሪያ የሰላጣ ቅጠል ይነጠፋል፤ ውሃውን የሚይዘው እሱ ነው። ይኸው ነው፤ አንዲት ክብሪት አልተጫረችም።

ትንሿ የተሰጣትን ከፈተችና ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመች የሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረችው። ቦሎቄ የተደፈጠጠውን አትወድም፣ ድፍኑን ትወዳለች። ትልቋ ደግሞ ሎሚ እስኪያንገሸግሽ ካልተጨመቀበት ምግብ አይመስላትም። አባትየው ይህን ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ትልቋ ሳንድዊቿን አየት አድርጋ «እማዬ ዳቦ የምትቆርጠው ከጥግ እስከ ጥግ ነበር» አለች። የተናገረችው ለማንም አልነበረም፤ እንዲያው ትዝ ብሏት ነው። እሱ ሳህኑን ወስዶ አዲስ ሠራላትና ቢላዋውን ከጥግ ወደ ጥግ አስኬደው። ቆራረጡ ትንሽ ተንጋዷል። አሰላልፎ ሲያቀርብላት ፍርፋሪ ሳታስቀር በላችው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ተለወጠብን። በየማለዳው ሠርቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ትቶላቸው ይወጣል፤ በሥራ ቀን ዕቃ ማውረጃው በር ላይ ሲያገኘኝ ወሬው ሁሉ ስለ ዳቦ ሆነ። «ዛሬ ካሮት ፍቄ አገባሁበት፣ ትልቋ ጠረጠረች፣ ትንሿ አላወቀችም» ይለኛል። «ዛሬ ቲማቲም አደረግሁ፣ ረጠበብኝ» ይለኛል። እመቤት እንፋሎት ከጉሙ ውስጥ «እናንተ ሰዎች፣ እኛ አንሶላ ነው የምንተኩሰው ወይስ ሬስቶራንት ከፍተናል?» ብለው ብቅ አሉ። ነገሩን ሲሰሙ ግን በማግስቱ የራሳቸውን የምሳ ሳህን ከነክዳኑ አምጥተው «ለልጆቹ፤ ጨርቅ ዳቦ ያደርቃል» ብለው ሰጡት።

ወሩ አለቀና አማቱ ያሉት እሑድ ደረሰ። ሹፌሩ «አንቺም ነይልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ አልኩ፤ በሰው ቤት ጉዳይ ባዕድ ምን አገባኝ? እንቅልፍ ስላጣሁ ግን ጠዋት ሎሚ አመጣሁ በሚል ሰበብ ሄድኩ። ስደርስ አማቱ ቀድመውኛል። አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ውስጥ ስንት ልጅ እንደተወለደ ከአያያዛቸው ያስታውቃል። ትልቅ ሻንጣ ይዘው መጥተው ከወንበራቸው አጠገብ አቁመውታል። ባዶ መሆኑ ከቅለቱ ይታወቅ ነበር።

የተናገሩትን እንዳለ ልጻፍልዎ። «እኔ አንተን አልጠላሁህም» አሉት። «ልጄን ደህና አድርገህ ይዘህልኛል፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን አልጋዋ አጠገብ ነበርክ፤ ይህን አልክድም። ግን ልጄን ቀብሬያለሁ። የእሷን ልጆች ደግሞ እሳት ሲበላብኝ ቁጭ ብዬ አላይም።» እየተናገሩ እጃቸው የሻንጣውን መያዣ ያሻሽ ነበር። ልጆቹ የአባታቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እሱ ይከራከራል ብዬ ጠበቅሁ። አልተከራከረም። «እማማ፣ ደክሞዎታል፤ ምሳ እንብላና ያሉት ይሆናል» ብሎ እጁን ታጠበ።

ሴትዮዋ ከወንበራቸው ሆነው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ሲያጠልል፣ ሲከትፍ፣ ሲጨምቅ። እኔ ሎሚዬን ይዤ በሩ ጋ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ለልጆቹ አቀረበ። አማቱ ወዲያው እጃቸውን ወደ ትንሿ ሳህን ሰደዱና «ይኸው፣ ይቺ ልጅ ሽንኩርት እንደማትበላ እንኳ አታውቅም፤ ስትከትፍ እያየሁህ ነው» ብለው ዳቦውን ገለጥ አደረጉት። ሽንኩርት የለበትም። ቦሎቄውም ድፍን ነው። የትልቋንም ገለጡ፤ ሽንኩርቱ እዚያ አለ፣ ከሎሚው የተነሣ ሽታው እኔ ድረስ መጣ። ዳቦውን ቀስ ብለው መልሰው ከደኑት፣ እንደ ተኛ ሕፃን።

ከዚያ የእሳቸውን አቀረበላቸው። ቦሎቄው ሁሉ ደቋል፣ የዳቦው ደረቅ ጠርዝ ዙሪያውን ተቆርጦ ወጥቷል። ምን ነካው ብዬ ግራ ሲገባኝ፣ ሴትዮዋ አፋቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ፤ ለካ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ያስቸግራቸዋል። ለማንም ነግረው አያውቁም። «ማን ነገረህ?» አሉት። «በቀብሩ ሰሞን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ሲበሉ አይቼዎታለሁ» አላቸው። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል አይቷል ማለት ነው አባባ፤ እንዲያ ተሰብሮ ሳለ።

በሉ። ሲጨርሱ አማቱ እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው ተነሡና ሻንጣውን አንሥተው ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉት። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰማን። ልብስ ሲታጠፍ፣ ሻንጣው ሲዘጋ ሰማን። ትልቋ የአባቷን ሸሚዝ ጨበጠች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

በሩ ተከፈተና ሻንጣውን እየጎተቱ ወጡ። ሁላችንም አፍጥጠን አየናቸው። «ምን ያስፈጥጣችኋል?» አሉ። «ብርድ ልብሶቹ ናቸው። መቼ ነው የታጠቡት? ዳቦ መቁረጥ ስለቻለ ብርድ ልብስ ማጠብ ይችላል ተባለ እንዴ? ለእሑድ አጥቤ እመልሳለሁ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «በሳምንቱ መሃል ደግሞ ቀትር ላይ እየመጣሁ አያቸዋለሁ። ቁልፍ አስቀርጽልኝ» አሉት። ያ ረጅም ሰው ሻንጣውን ተቀብሎ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ተሸከመላቸው። ልጆቹ አያታቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው። የቀረውን ሳህን እኔ አጠብኩና ሎሚውን ትቼላቸው ወጣሁ።

መንገዱን በእግሬ ነው የተመለስኩት። እየሄድኩ ሳስብ፣ እርስዎም ስለ እያንዳንዳችን ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ገባኝ። ወንድሜ የድንች ልጣጭ እንደማይወድ፣ ታናሿ ሾርባ ካልቀዘቀዘ እንደማትቀምስ፣ እኔ ከድስቱ ሥር የያዘውን የሩዝ እርር እንደምወድ ማን ነገረዎት? ማንም። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልጉ ውለው፣ ፀጉርዎ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ እኛን ያዩ ነበር። ታናሿ በላከችልኝ ደብዳቤ ላይ፣ ዓይንዎ ደክሞ ሥራ ካቆሙ ወዲህ «ለልጆቼ ያወረስኩት ነገር የለም» እያሉ እንደሚቆዝሙ ጽፋልኛለች። እባክዎን አባባ፣ ይህን ነገር ዳግም ከአፍዎ አያውጡት። እኔ በሰው አገር ሰው ሆኜ የቆምኩት በወረስኩት ነው። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ልጆቼን ምን ላብላ ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ ነበረኝ፤ መልሱም የእርስዎ ነበር። እነዚያ ሁለት ልጆች ዛሬ በአባታቸው ቤት ያደሩት በከፊል በእርስዎ ነው፤ አያውቁዎትም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ሳድግ አንድ ቀን እንኳ ያላልኩትን ዛሬ በወረቀት እላለሁ፤ ስላልከፋፈሉን፣ ስላበሉን፣ ስላወቁን እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለወንድሜ ሰላም ይበሉልኝ፤ ጢሙን ማሳደጉን ሰምቻለሁ፣ ፎቶግራፍ እስኪልክ አላምንም። ለሚስቱ፣ ለእህቴ ማለቴ ነው፣ እርስዎን እንደ አባቷ ስለያዘችልኝ እጇን እስማለሁ። ለታናሿ፣ ይህን ስታነብልዎ ድምጿ እንዳይሰበር አደራ ይበሉልኝ፤ ብታለቅስም ግድ የለም። የወንድሜን ልጆች እያንዳንዳቸውን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ፤ መንትዮቹን ግን ሁለት ሁለቴ፣ አለበለዚያ ይጣላሉ። አክስቴን ወገቧን ተሽሏት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው፣ የሰፋልኝ ካፖርት እስካሁን አንድ ቁልፍ እንኳ አልወደቀበትም ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። እርስዎ እኛን አብልተው ሲያበቁ ድስቱን ይዘው ቆመው ይበሉ ነበር፤ እኛ እየበላን እርስዎ ተቀምጠው ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። የወንድሜ ሚስት አሁንም እንደዚያው ነው ትላለች። እባክዎን ነገ ምሳ ሲቀርብ ቀድመው ይቀመጡ፣ ይቅረብልዎ፣ በመጀመሪያም እርስዎ ይጉረሱ። ልጆቹ ይጠብቁ። ምንም አይሆኑም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ፣ መካከለኛዋ

ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን